የጅማው ሹፌር ወገብ

(የጅማ መስመር አውቶቡስ ሹፌሩ ጋሽ ዘርጋው ለነገው የወገብ ቀዶ ጥገና አልጋ ሊይዙ መጥተው፣ ከሐኪማቸው ከዶክተር ሐረገወይን ጋር ምርመራ ክፍሏ ውስጥ ይከራከራሉ።)

ዘርጋው፦ ባለፈው ሳምንት «ደህና ይሆናሉ» አልሽኝ። ዛሬ ደግሞ «ሊሻልዎት ይችላል» ሆነ። ምን ተፈጠረ?

ሐረገወይን፦ «ደህና ይሆናሉ» አላልኩም፣ ጋሽ ዘርጋው። «ደህና ይሁኑ» ነው ያልኩት። ሊሄዱ ሲነሱ።

ዘርጋው፦ እኔ እኮ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ።

ሐረገወይን፦ ምን ብለው?

ዘርጋው፦ ገባሁ፣ ተሠራሁ፣ በሳምንቱ መሪ ጨበጥኩ ብዬ።

ሐረገወይን፦ እስቲ ከዚህ ቀዶ ጥገና የሚጠብቁትን ይንገሩኝ።

ዘርጋው፦ አዲስ ወገብ።

ሐረገወይን፦ እሱ የለንም።

ዘርጋው፦ ያገለገለስ?

ሐረገወይን፦ ያለው የራስዎ ነው። ይስሙኝ። የተንሸራተተው ዲስክ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። እኔ ነርቩን አላቅቀዋለሁ። እግርዎን የሚያቃጥልዎት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። የወገቡ ግን ሊቀንስም፣ እንዳለ ሊቆይም ይችላል።

ዘርጋው፦ ታዲያ የወገብ ቀዶ ጥገና ለምን አላችሁት?

ሐረገወይን፦ የምንከፍተው ወገብዎን ስለሆነ።

ዘርጋው፦ ሞተር ፈትታችሁ ጎማ ልታበጁ።

ሐረገወይን፦ እንደዚያ ይውሰዱት።

ዘርጋው፦ የቀኝ እግሬ መደንዘዝስ ይተወኛል?

ሐረገወይን፦ የቱ መደንዘዝ? ባለፈው ስጠይቅዎ የለም ብለውኛል።

ዘርጋው፦ ባለፈው ሚስቴ አብራኝ ነበረች።

ሐረገወይን፦ ጫማዎን ያውልቁ። በቀኝ እግርዎ እጄን ይግፉት።

ዘርጋው፦ እየገፋሁ ነው።

ሐረገወይን፦ አልገፉም።

ዘርጋው፦ ያለኝ ኃይል ይኸው ነው እንግዲህ።

ሐረገወይን፦ ከመቼ ጀምሮ?

ዘርጋው፦ ከፋሲካ ወዲህ።

ሐረገወይን፦ ታዲያ ፍሬን በምን ይይዛሉ?

ዘርጋው፦ በግራዬ።

ሐረገወይን፦ ፍሪሲዮኑንስ?

ዘርጋው፦ እሱንም በግራዬ። በየተራ።

ሐረገወይን፦ የግቤን ቁልቁለት? ሰው ጭነው?

ዘርጋው፦ ሞልቼ ነዋ። ባለፈው አንዲት እናት ሲወርዱ «እንዴት ቀስ ብለህ አመጣኸን፣ ተባረክ» ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ሐረገወይን፦ ጋሽ ዘርጋው፣ ዘግይተው ነው የነገሩኝ። የእግርዎ ጉልበት ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። አውቶቡስ ይነዳሉ ብዬ ቃል አልገባልዎትም። እስከዚያው መሪ መንካት የለም። ዛሬ በምን መጡ?

ዘርጋው፦ በአውቶቡስ።

ሐረገወይን፦ ማን ነድቶት?

ዘርጋው፦ በር ላይ ቆሟል። ጥበቃችሁ አንሳ እያለ ነው።

ሐረገወይን፦ ቁልፉን ያምጡ።

ዘርጋው፦ ባለንብረቱን ምን ልበለው?

ሐረገወይን፦ ሐኪሟ ቀማችኝ ይበሉት።

ዘርጋው፦ እንኪ። እኔም የሚቀማኝ ሰው ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ወገቤንማ ለምጄዋለሁ።