ዘሩን የተጠየቀው ዲስክ

መገናኛ ባለችው የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ ተቀምጬ ሳለ፣ እማማ አስካለ የሚባሉ እናት ሃርድ ዲስክ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ከላምበረት መጡ። «የልጄ የሰርግ ቪዲዮ ነው፤ እቤት አልከፈት ብሎን ነው። ቪዲዮውን የቀረጸው ልጅ ዱባይ ሄዷል፣ ሌላ ቅጂ የለንም» አሉኝ። ስሰካው የኔም ኮምፒውተር አላወቀውም። «ፎርማት ላድርገው ወይ? ይላል» አልኳቸው። እማማ የተጠየቁትን እምቢ ማለት አይሆንላቸውም መሰለኝ፣ «እሺ በለው እንጂ ልጄ፣ በጨዋ ደንብ ነው የጠየቀህ!» ብለው ማውዙን ሊጫኑ እጃቸውን ሰደዱ። «ኧረ እማማ! ጥርግ አድርጎ ነው የሚያጠፋው!» ብዬ ጮህኩ። እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡ። እኔም ዲስክ ለየትኛው ዓይነት ኮምፒውተር እንደተዘጋጀ የምትለየውን ስክሪፕቴን፣ ራሴ የጻፍኳትን ትንሽ ፕሮግራም፣ አስነሳኋት። «ምን እያደረግክ ነው?» አሉኝ። «ከየትኛው ወገን እንደሆነ እየጠየቅኩት ነው፤ ካላወቅን አይከፈትም።» እማማ አማተቡ። «ዲስክም ዘሩን ይጠየቅ ጀመር?» ሱቁ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቁት ደንበኞች በሳቅ ፈረሱ።

ስክሪፕቷ «የማክ፣ የአፕል ኮምፒውተር ነው» አለች። ጎረቤቴ የሆነው ዲዛይነር ማክ ስላለው ይዘን ሄድን፤ ሲሰካው ወዲያው ተከፈተ። እኔ በኩራት ደረቴን ነፋሁ፣ እማማ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሙሽራዋ ብቅ ስትል ግን እልልታው እዚያው ቀረ። «ይቺ የማን ልጅ ናት?» አሉ። ለካ ቪዲዮ ቀራጩ የሌላ ሰው ሰርግ ነው የሰጣቸው! ቪዲዮውን ላቆመው ስል፣ እማማ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ተወው ልጄ፣ ይታይ። እነሱም ይኼኔ የኛን እያዩ ይሆናል።»