የሃያ ቀን እሺታ

የሆስፒታሉ ሊፍት ባይበላሽ ኖሮ አጎትና የእኅት ልጅ ያን ዕለት ባልተገናኙም ነበር። እሳቸው ሠላሳ አንድ ዓመት የማምከኛ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ የቀዶ ሕክምናው መቀስም መቆንጠጫም በእንፋሎት ከተሕዋስያን የሚጸዳው በእሳቸው እጅ ነው። እሷ ያንኑ ዕቃ ለሐኪሙ የምታቀብል ነርስ ናት፤ ሁለት ዓመት ባሕር ማዶ ተምራ መጥታለች። ደረጃው መሀል አረፍ ብለው፣ አንድ ወፍራም የባዕድ ቋንቋ ሰዋስው መጽሐፍ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ደኅና አደሩ? አዲሱ ማሽን እንዴት ሆነ?»

«ተመስገን ልጄ። የውጭ አገሩ መሐንዲስ ሃያ ቀን ሙሉ አስረዳኝ፤ ዐሥር ቀን ይቀረዋል።»

«ዛሬ ምን አስረዳዎት?»

ሽማግሌው መልሱን ትተው መጽሐፉን ብብታቸው ሥር ያመቻቹ ጀመር። ነርሷ ደነገጠች።

«አልገባዎትም እንዴ?»

«ኧረ ቀስ በዪ፣ ሰው ይሰማል!» አሉና ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል አዩ። «አንዲት ቃል አልገባችኝም። ግን ሰውየው ከአገሩ ድረስ ደክሞ መጥቶ፣ አልገባኝም ብሎ ማሳፈር ነውር አይደለም? እሱ ይናገራል፤ እኔ እሺ እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። እሱም ደስ ብሎት ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል።»

ወይ ጉድ! እንዲህ ያለው ጨዋነት ስንት ቤት ጉድ እንደሠራ ማን ቆጥሮት?

«ከዐሥር ቀን በኋላ እሱ ይሄዳል» አለች ነርሷ። «ማሽኑ የሚቀረው በእርስዎ እጅ ነው። ያልጸዳው ዕቃ የጸዳ መስሎ ቢወጣስ? ከሳጥኑ አውጥቼ የሰው ሆድ ውስጥ እንዲገባ የማቀብለው እኮ እኔ ነኝ!»

ነገሩ ክብራቸውን ነካው። በዚህ ሁሉ ዓመት በእሳቸው ዕቃ የተመረዘ ሰው የለም፤ ኩራታቸውም ይኸው ብቻ ነው።

«ቋንቋውን እየተማርኩ ነው» አሉ መጽሐፉን ብቅ አድርገው። «አርባ ሁለተኛው ገጽ ደርሻለሁ። ስጨርስ አስተካክዬ እናገራለሁ። በዚህ ሽበት እየተኮላተፍኩ የሥሬ ሠራተኞች መሳቂያ ልሁን?»

«ስንት ገጽ ነው?»

«አራት መቶ።»

«ጋሼ፣ እኔም እንደ እርስዎ ነበርኩ። ይህንኑ ቋንቋ በሚናገሩበት በዚያ አገር አራት ወር አንገቴን ደፍቼ ከረምኩ። አፌን ያስፈታችኝ አንዲት ፅዳት ሠራተኛ ናት። ባልዲውን አንሥታ ስሙን ትነግረኛለች፤ እደግማለሁ፤ ስሳሳት ትስቅና ታርመኛለች። ከሁሉም አስተማሪዎቼ የጠቀመችኝ እሷ ናት።»

«ታዲያ ከየት ልጀምር?»

«ገጽ አርባ ሁለት ምን ይላል?»

«ስለ አንበሳና ስለ ዝሆን ነው።»

«ማሽኑ ውስጥ አንበሳ አለ?»

ሽማግሌው ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

«ስለዚህ በየቀኑ ከሚነኩት ይጀምሩ» አለች። «በሩን፣ ውሃውን፣ የግፊት መለኪያውን ይጠይቁት። የነገረዎትን በራሳችን ፊደል ይጻፉ፤ ‹በር› ብቻ ብለው አይተዉት፣ ‹በሩን ዝጋ› ብለው ይያዙት። ዕቃ ሲያጥቡም መንገድ ሲሄዱም ጮክ ብለው ይድገሙት። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃዎታል፤ ቀን ብቻ እንዳይዘሉ። አሁን ግን በእሱ ቋንቋ ሦስት ነገር ከእኔ ይዘው ይውረዱ፦ ‹አልገባኝም›፣ ‹ቀስ ብለህ ድገምልኝ›፣ ‹እንዲህ ነው ያልከኝ?›»

«ቢስቁብኝስ?»

«ይሳቁ፤ ሳቁ ያልፋል። ያልጸዳ መቀስ የነካው ሰው ግን…» አልጨረሰችውም።

እዚያው ደረጃው ላይ ሦስቱን ዐረፍተ ነገር አለማመደቻቸው። ሰው ባለፈ ቁጥር ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እሷም «ከፍ ያድርጉት!» ትላቸዋለች።

በማግስቱ መሐንዲሱ አስረድቶ ቀና ሲል ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን ሊነቀንቁ ቃጡና ተዉት። ከኋላቸው ሁለት ሠራተኞች ቆመዋል።

«አልገባኝም» አሉ በሰውየው ቋንቋ፣ እየተኮላተፉ።

አንዱ ሠራተኛ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። መሐንዲሱ ግን አልሳቀም፤ በሩን፣ ውሃውን፣ መለኪያውን እየጠቆመ የትኛው እንዳልገባቸው ጠየቀ። በእጃቸው ሁሉንም አሳዩት። ሰውየው ፊቱ ቀላ፤ ሃያ ቀን ምልክት ሲያደርግበት የከረመውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ሰረዘውና ወንበር ስቦ ከበሩ ጀመረ። ያ የሳቀው ሠራተኛም ቀስ ብሎ ብዕር አወጣ። ለካ እሱም አለቃው እሺ ስላሉ ነበር እሺ ሲል የከረመው!

በስድስተኛው ቀን ሽማግሌው አረንጓዴውን መብራት ጠቁመው «አልቋል፤ እንዲህ ነው ያልከኝ?» ብለው ጠየቁ። መሐንዲሱ ደንግጦ እጁን አወራጨ። አረንጓዴው የሚበራው ሙቀቱ ገና ሲጀምር ኖሯል። ሽማግሌው ወዲያው ‹አረንጓዴ፣ ገና ጀመረ› ብለው በራሳቸው ፊደል ጻፉ። ያቺን አንዲት ጥያቄ ባይጠይቁ ኖሮ ያልጸዳ ዕቃ ወደ ላይ ይልኩ ነበር።

ሰዋስውንም አልጣሉትም፤ ቀን የሰሙትን ማታ ደንቡን ይፈልጉበታል፤ አሁን ገጹ ቶሎ ቶሎ ይገለጥላቸዋል። ክፍሉም ሌላ ክፍል ሆነ፤ ያልገባው ይጠይቃል፣ የጠየቀ አይሳቅበትም፣ አንዱ የያዘውን ቃል ለሌላው ያካፍላል። መሐንዲሱም ሲሰናበት እስከ በሩ የሸኙት እያወሩ ነው፤ ሲሳሳቱ ያርማቸዋል፣ እሳቸውም ይደግሙታል።

በማግስቱ ከአዲሱ ማሽን የወጣውን የመጀመሪያውን ሳጥን ራሳቸው ይዘው ደረጃውን ወጡ። ነርሷ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ጸድቷል?»

ሽማግሌው እሺ አላሉም፤ ራሳቸውንም አልነቀነቁም። ውሃውን፣ ግፊቱን፣ ሙቀቱ የቆየበትን ደቂቃና የመብራቶቹን ቀለም አንድ በአንድ በመሐንዲሱ ቋንቋ ቆጠሩላት፤ አንድ ቦታ ተሳስተው ራሳቸው አረሙት።

«እሺ» አለች ነርሷ፤ ሳጥኑን ተቀብላ ገባች።