ሰላም የበዛበት ኒካህ

«ሸዋዬ፣ ቦታው ተመቸሽ? ለእናንተ ለክርስቲያኖቹ የታረደው በግስ ሰባ? ዝናቡም ማረን፣ አልሐምዱሊላህ! የሰፈራችን የሰቶ ሰመሮ ሰማይ ሠርግ ያውቃል...»

ባህሪያ ይህን ስትል የምታየው ጎረቤቷን ሸዋረገጥን ነው፤ ድምጿ ግን ወደ ቀኝ ያዘነብላል። በስተቀኝ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጡ አንድ እንግዳ አጥንት ይግጣሉ። ትናንት በስብሰባ «ኢንተርኔት የሚዘጋው ለሰላማችሁ ነው» ብለው ያስጨበጨቡት እሳቸው ናቸው። ባህሪያ የሙሽራዋ የፈሂማ አክስት ናት፤ ዛሬ ከሳቅ በቀር ሌላ ነገር ከፊቷ እንዳይታይ ምላለች።

ወይ ጉድ! ሙሽራው ጠሃ ኳታር የመርከብ ሠራተኛ ነው፤ ዛሬ ማታ ባሕር ከገባ ለወራት አይገኝም። ኒካሁ በቪዲዮ ነበር። የፈሂማ አባት «ልጄን ሰጥቼሃለሁ» አሉ፤ ጠሃ አፉን ከፈተ፤ ኔትወርኩ ድርግም! ተራው ጥሪም አብሮ ጭጭ። ሴቶቹ ሆዬ እልልታውን አቅልጠውታል! ሼኩ ግን እጃቸውን አነሱ፤ መቀበሉን ጆሮ ካልሰማ ኒካህ የለም አሉ። ፈሂማ ሂናዋን እንደተቀባች፣ ሚስትም ላጤም ሳትሆን ጓዳ ተቀምጣለች።

«ማል ጎና፣ ምን እናድርግ ሸዋዬ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አልነበር ተረቱ? ሲቆረጥ ለካ ሙሽራ ያስራል... ኧረ እኔ አልከፋኝም! አንዳንድ ሰው አለ፣ ለሰላማችን ሲል እንቅልፍ የሚያጣ። ሰዓቱን ሳያሳውቅ መዝጋቱንስ አየሽለት? ትሕትና ነው እኮ! ደግ ሰው ደግነቱን ያወራል እንዴ? ዝምታ ወርቅ ነው ይሉ የለ... ይኸው ከሰርቦ እስከ ሰኮሩ አገሩ ወርቅ በወርቅ ሆነ። ወርቅ ማን ይጠላል?»

ሸዋረገጥ ሳቋ እንዳያመልጣት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወተፈች። በዚህ መሃል ከእንግዳው ኪስ ጢን... ጢን፣ ጢን! መልእክት በመልእክት ላይ። ባህሪያ ኔትወርኩ የተመለሰ መስሏት ልትዘል ምንም አልቀራት፤ የሷ ስልክ ግን አሁንም ጭጭ ነው።

«ሱብሃነላህ! ሰማሽ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ስልክ ግን ዘመዱን ያውቃል... ሰላሙ ለሁላችን፣ ኔትወርኩ ለአንድ ኪስ! ሲያንስ ነው፤ የአገር ጭንቀት የተሸከመ ሰው ወሬ ይቅርበት? አንቺ ብትሆኚ፣ ለአንዲት ‹ተቀብያለሁ› ብለሽ እንዲህ ያለ ስልክ ታውሺያለሽ?... ወላሂ እኔም አላውስ! የሕዝብ እጅ ያቆሽሸዋላ።»

እንግዳው ስልካቸውን አወጡ፤ ድምፁን አጠፉና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

ባህሪያ ፈሂማ ወዳለችበት ጓዳ ዞር ብላ አየች። ወዲያው ግን ቀዝቃዛ ለስላሳ ከፍታ፣ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«ይጠጡልኝ፣ የኔ ጌታ! የርስዎም ልጅ ልትዳር ነው አሉ፣ ማሻአላህ... አላህ ሠርጓን እንደ ፈሂማችን ሠርግ ሰላም በሰላም ያድርግላት። አሚን ይበሉ እንጂ!»