የሰሊጥ ባርኔጣ

ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ስልካቸውን አጠገባቸው ለተቀመጡት ሽማግሌ አሳዩ።

«አባባ፣ ይዩልኝማ። አዲስ አበባ የፋሽን ውድድር ላይ ነው። ባርኔጣውን የሠራችው ልጄ ናት።»

«የውሃ ጀሪካን አይደለም እንዴ? እኛ አህያ ላይ የምንጭነውን!»

«እሱው ነው። አፉን ቆርጣ የሰሊጥ ነዶ አቆመችበት።»

«የደረቀ ሰሊጥ? ሞዴሏ ጎንበስ ካለች እኮ ፍሬው ሁሉ ይራገፋል!»

«እኔም ከውድድሩ በፊት ደውዬ ያልኋት ይህንኑ ነው። የልጄ ድካም መድረክ ላይ ሊበተን! ሌሎቹ ሞዴሎች ሁሉ በመጨረሻ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።»

«ያንች ልጅ ሞዴልስ?»

«ቀጥ ብላ ገባች፣ ቀጥ ብላ ወጣች። ለማንም አላጎነበሰችም።»

«ዳኞቹ አልተቀየሙም?»

«ቆመው አጨበጨቡላት እንጂ!»

«እሰይ! የቆላ ልጅ!»

መንገዱን ሁሉ አንገቴን አቅንቼ ተቀምጬ እንደ ነበር ያወቅሁት መተማ ስወርድ ነው።