የወሳንሳው ተራ

ሞጣ ተመድቤ በጤና ባለሙያነት ስሠራ ነው። የገጠር ሰው ምጥ የያዛትን እናት ተባብሮ ጤና ጣቢያ እንዲያደርስ ላስተምር፣ በመሥሪያ ቤት መኪና ወደ አንድ ቀበሌ እየሄድኩ ነበር። ጋቢ የለበሰ በሽተኛ በወሳንሳ የተሸከሙ ሰዎች ከፊታችን መጡና እጃቸውን አነሡ። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነስ ሲያደርግ፣ «ንዳው ባክህ! እነሱን ይዘን ብንመለስ ስብሰባው ይረፍድብናል» አልኩት። አቧራ አልብሰናቸው አለፍን።

ስለ መተባበር ስለፈልፍ ቆይቼ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል፣ አራት ወንዶች ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ። «ለራሳችሁ ጉዳይ ተጠርታችሁ አሁን ትመጣላችሁ? መተባበር እኮ የሚጀምረው በሰዓት ከመገኘት ነው!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ከመካከላቸው አንዱ ለእድሩ ዳኛ፣ ለአንድ ሽበታም ሽማግሌ፣ በጆሯቸው ሹክ አላቸው። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተነሡ። «አይቆጡ ጌታው፤ የጎረቤታቸውን ሚስት ጤና ጣቢያ አድርሰው መምጣታቸው ነው። በእድራችን ወሳንሳ የምንሸከመው በተራ ነው፤ ዛሬ የእነሱ ተራ ነበር። እሷም እግዜር ይመስገን፣ እንደደረሰች በሰላም ተገላገለች።»

ከአራቱ አንዱን፣ ቅንድቡ ድረስ አቧራ የለበሰውን፣ ያን ጊዜ ለየሁት። እሱም ለይቶኛል። «ግድ የለም» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ለስብሰባው እንደቸኮሉ ገብቶን ነበር።»

ላስተምራቸው የቀረኝ የመጨረሻው ርዕስ «የተሸካሚዎች ተራ አወጣጥ» የሚል ነበር። የማስተምርበትን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ተቀመጥኩ።