የሚያፈሰው ጣራና የተዘጋው መስኮት

ጠላት ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ዝናብ ባዘለ የነሐሴ ቀን፣ ከመሥሪያ ቤት ወጥቼ በፈረስ መጋላ አደባባይ ሳልፍ ባላምባራስ እንደሻው ክንዴን ያዙኝ። ፊታቸው በቁጣ ጠቁሯል።

«እንኳን እግዜር አገናኘን! የተማርህ ሰው ነህ፤ ና ምስክር ሁነኝ። ያ አስተማሪ ተከራዬ ቤቴን አበሰበሰው። ዛሬውኑ አስወጣዋለሁ።»

«በዚህ ዝናብ ሕፃን ይዞ የት ይሄዳል?»

«እሱ ያውቃል!» ብለው መሬቱን በከዘራቸው እየቀጠቀጡ ቀደሙኝ።

ቤቱ በጀጎል ግንብ ውስጥ በአንድ ጠባብ መንገድ መጨረሻ የሚገኝ፣ ከአባታቸው የወረሱት የድንጋይ ቤት ነው። ጣራው በእንጨት ላይ አፈር የተደለደለበት ነው። ከጎንደር ተዛውሮ የመጣው መምህር ገብረመድኅን በሩ ላይ ተቀበለን። ሚስቱ ዘነበች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሕፃኗን ታቅፋለች። ሕፃኑ ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል። ግድግዳው ጥቁር ሻጋታ ለብሷል፤ ሽታው ያፍናል።

«እይልኝ!» አሉ ባላምባራስ። «አባቴ እዚሁ ቤት ጃጅተው ነው የሞቱት። ያኔ ሻጋታ የሚባል ነገር አልነበረም። እነዚህ መስኮት ዘግተው እርጥብ ጨርቅ እያሰጡ አበላሹት።»

ገብረመድኅን ወደ ጣራው ጠቆመ። «ጌታዬ፣ የሚያንጠባጥበው ጨርቁ ሳይሆን ጣራዎ ነው። ልጄ ትንፋሽ እያጠረው ነው የሚያድረው። ሐኪሙም ይህ እርጥበት ይጎዳዋል ብሎናል። ኪራይ የሚቀበል ሰው ጣራውን ማበጀት አይገባውም?»

«ጣራ አልሰጠሁህም? ሰማይ ሥር ነው ያለኸው? ውጣልኝ ብያለሁ!»

ከዘራው ሲነሣ መካከላቸው ገባሁ።

«ባላምባራስ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አባትዎ ክረምት ሳይገባ ጣራውን ምን ያደርጉት ነበር?»

ከዘራቸውን ዝቅ አደረጉ። «በየግንቦቱ አፈሩን አስደልድለው ጭቃ ያስመርጉት ነበር።»

«ከእርሳቸው ወዲህስ?»

«እኔማ... የቆመ ቤት ምን ይሆናል ብዬ...»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ከበላያችን አንዳች ነገር ተንቋቋ። ዘነበች ሕፃኑን እንደታቀፈች ወደ በሩ ስትሮጥ፣ የበሰበሰ እንጨትና ጭቃ ተደርምሶ አልጋውን ቀበረው።

«በስመ ሥላሴ!» አሉ ባላምባራስ። ግድግዳውን ተደገፉ፤ እጃቸው በሻጋታ ጠቆረ።

«አዩ?» ብሎ ጮኸ ገብረመድኅን። «ልጄን ሊገድሉት ነበር!»

«አንተም ታገሥ» አልሁት። «ማፍሰስ የጀመረው መቼ ነው?»

«በሰኔ።»

«ያን ጊዜ ነገርሃቸው?»

አንገቱን ደፋ። «ቤቱ የእኔ አይደለም፤ ባለቤቱ ይየው ብዬ ተውሁት። የነገርኋቸው ከባሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ተቆጡኝ፤ ተኳረፍን።»

«መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለች ዘነበች እያለቀሰች። «ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው። ልብሱንም እዚሁ አሰጣለሁ። ባላምባራስ ይህን ሲሉ አልዋሹም።»

ከሦስቱ በደሏን ሳትጠየቅ የተናገረች እርሷ ብቻ ነበረች። ቁጣቸውንም ያበረደው የእኔ ምክር ሳይሆን ይህ ቃሏ ይመስለኛል። ባላምባራስ ጋቢያቸውን አውልቀው ሕፃኑን ጠቀለሉት።

«ልጆቼ፣ ዋናው በደል የእኔ ነው። አባቴን በአፌ አወድሳለሁ፤ ሥራቸውን ግን ትቻለሁ። ጣራው እስኪበጅ እኔ ቤት ትቀመጣላችሁ።»

እንዳሉትም ሆነ። ዝናቡ ሲያባራ የበሰበሰው እንጨት ተለወጠ፤ ጣራው ተመረገ፤ አሸንዳ ተገጠመለት፤ ግድግዳው ተፍቆ በኖራ ተለሰነ። ጣራና ግድግዳ የባለቤቱ ኃላፊነት እንዲሆን ተስማሙ። ተከራዩም መስኮት ሊከፍት፣ ልብስ ውጭ ሊያሰጣ፣ ጠብታ ባየ ዕለት ሊናገር ቃል ገባ። ባላምባራስም ሲነገራቸው ላይቆጡ ማሉ። የሕፃኑም ደረት ከጊዜ በኋላ ተሻለው።

ባላምባራስ ወጪ የበዛባቸው የሚመስለው ሰው ይሳሳታል፤ ቤቱ ያን ክረምት ቢተው ኖሮ በሙሉ ይፈርስ ነበር። በሌላ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በተከራዩ የሚያማርር አንድ የቤት ባለቤት ባላምባራስን ሲያማክር ደረስሁ።

«ወንድሜ» አሉት፣ «ያከራየኸው ቤትህን ነው እንጂ ኃላፊነትህን አይደለም። ሂድና መጀመሪያ ጣራህ ላይ ውጣ።»