ለቅሶ መስሏቸው የገቡት እማማ

ወንድሜ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን፣ ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ 18 ማዞሪያ አብረን በታክሲ እየሄድን ነበር። እሱ ፊልም ላይ ረዳት አዘጋጅ ነበር። ጠዋት «ሥራው አያዋጣም፣ ልተወው ነው» ብሎኝ ነበር። ከፊታችን አንድ ወጣትና አንዲት ትልቅ ሴት ያወራሉ።

«ያኛው ፊልም ስንት ሚሊዮን ፈሶበት፣ ሰው ሳያየው ወረደ። እዚሁ ኮልፌ የተሠራው ግን እስካሁን ሰልፍ ነው። ለምን ይመስልዎታል፣ እማማ?»

«እኔ ስላለሁበት ነዋ!»

«ተዋናይ ነዎት እንዴ?»

«ኧረ ወዲያ! ድንኳን አይቼ ለቅሶ መስሎኝ ገባሁ። የልጄ ሞት ትዝ ብሎኝ ስንሰቀሰቅ ቆይቼ ቀና ስል፣ ካሜራ!»

«አላስወጡዎትም?»

«ሊያስወጡኝ ሲሉ አንድ ቀጭን ልጅ ‹ተዉአቸው፣ ያልቅሱ› ብሎ ወንበር አመጣልኝ። ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ እንደዚያ ወጥቶልኝ አያውቅም። ያን ልጅ እግዜር ይስጠው።»

«ለካ ሲኒማ ቤት ያስለቀሱኝ እርስዎ ነዎት! የዚያኛው ፊልም ተዋናዮች እኮ የሚያለቅሱት ሜካፓቸው እንዳይበላሽ እየተጠነቀቁ ነው።»

ቀጭኑ ልጅ አጠገቤ የተቀመጠው ወንድሜ ነበር። ኮፍያውን ዝቅ አደረገ። ስንወርድ «አልተወውም» አለኝ።

ሌሊቱን በድንገት ታሞ ዐረፈ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ደጃፋችን ላይ ወደተተከለው ድንኳን የማላውቀው ሰው በገባ ቁጥር፣ ማንነቱን ሳልጠይቅ ወንበር አቀረብኩለት።